ጋቢ የጋረደው መስኮት

«መስኮት አያስፈልግም። አንዷ አታይም፣ አንዷ ትፈራለች» አለ ሪያድ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ሸጉጦ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ጓዳ ውስጥ፣ መደቡ ላይ ተቀምጬ ጓዜን እየቋጠርኩ ነበር። እሱ የወጣሁ መስሎታል። የሚያወራው ባሕር ዳር ካለው ወንድሙ ከኢምራን ጋር ነው፤ የአውሮፕላኑን ትኬት የቆረጠው ኢምራን ነው፣ ወንበር የሚያሲዘውም እሱ ነው። የማታየዋ እንግዲህ እናታቸው ከሪማ መሆኗ ነው። የምትፈራዋ ደግሞ እኔ፣ አስካለ። ደሜ ፈላ። ልጁን አልጠላውም፤ እናቱ ገበያ ስትወርድ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ግን ሰው የገዛ እናቱን እንዲህ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጣታል? እኔስ ብሆን፣ እሺ ልፍራ፤ ፈሪ ሰው ዓይን የለውም ያለው ማን ነው?

ከሪማና እኔ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ገበያው ዳር ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው። የእሷ ቤት ከፊት ሱቅ ነው፤ ጨው በጆንያ፣ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ከጣራው ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ጀሪካን። ከኋላ ፀሐይ የሚገባባት አንዲት ክፍል አለች፤ ክረምት ይሁን በጋ እዚያ ቁጭ ብለን ስፌት ስንሰፋ ነው የምንውለው። የኔ እጅ ጠንካራ ነው፣ የአስካለ ሰፌድ ውሃ ቢቀዱበት አያፈስም ይሉኛል። እሷ ደግሞ የቀለም ሰው ናት። አለላውን፣ ማለት ቀለም የሚነከረውን ሣር፣ የምትነክረው እሷ ናት፤ ቀለሙ ላይ ምን እንደምትጨምርበት ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም፣ ክፉ ናት። ልጅ የሚድር ሁሉ ከአርብ ገበያ ሳይቀር ድረስ መጥቶ የሚያዘን አንድ አሰፋፍ አለን፣ «እርሻ» እንለዋለን። ቢጫው ገብስ፣ አረንጓዴው ባቄላ፣ ቡናማው አዲስ የታረሰ መሬት ነው። ከሪማ ይህን በሰፋን ቁጥር «አስኩ፣ እኛ እኮ እርሻን የምናውቀው ከጎኑ ቆመን ነው። ከላይ ሲያዩት ምን ይመስል ይሆን?» ትለኛለች። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ውሸት ነው። እሷ ሲናፍቃት ነው የኖረች።

ከዚያ ይህ የዓይን ነገር መጣ። የቀኙ ሳታውቀው ነው የሄደው። አንድ ቀን ግራውን ስታሽ፣ ቀኙ ጨለማ ሆኖ አገኘችው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት። ግራውም ጀምሮታል፤ ዙሪያው ጠፍቶ መሐሉ ብቻ ቀርቶላታል፣ በመቃ ቀዳዳ እንደሚያዩት ማለት ነው። ነገ አዲስ አበባ ላይ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ እንሞክራለን፣ ላይተርፍም ይችላል፤ ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ነው ቁርጡን የነገራት። መንገዱ በዚህ ጊዜ እንደምታውቁት ነውና ልጆቿ በአውሮፕላን ትሂድ አሉ። ይህን ሲነግሯት ስለ ሐኪሙ አልጠየቀችም፣ ያመኛል ወይ ብላም አልጠየቀችም። «መስኮት አለው?» ነው ያለችው። ቀጥላ ደግሞ «አስካለ ካልሄደች አልሄድም» አለች፣ እኔን ሳታማክር። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው መስኮት አያስፈልጋትም የሚለኝ።

ቁርስ ላይ ቁጭ አልን። ቁርስ ስላችሁ ለእነሱ ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ እኔ ጿሚ ነኝ። የሪያድ ሚስት ነጅዋ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች። ማንም ስለ ዓይን አላነሳም። ስለ ሚኒባሱ ሹፌር አወሩ፣ የስኳር ዋጋ ስለመናሩ አወሩ፣ ስለ ወለደችው የጎረቤት ላም አወሩ። ወሬው አልቆባቸው የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ብቻ ይሰማል። ነጅዋ ከማሰሮው ቆሎ እየዘገነች በፌስታል ቋጠረችልን፤ ሥጋ ቢሆን የአንቺ የእኔ ይባላል፣ ቆሎ ግን ሃይማኖት የለውም፣ ለሁለታችንም ይሆናል። ሪያድ የእናቱን ሻሽ አስተካከለላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም ሳይሆን እንደገና አስተካከለው። በር ላይ ስንወጣ ጉልበቷን ስሞ ቀና ሲል ዓይኑን ከእኔ ሸሸገ። ልሰድበው ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዋጥኩት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እናቱ መታወሯ አይቀርም ብሎ ፈርቶ፣ ኋላ እንዳይከብደው ከአሁኑ እየለመደው ነው። ቢሆንም መስኮቱን አልተውለትም አልኩ በሆዴ።

ሚኒባሱ ጉናን ሲወጣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጥቅምት መጨረሻ ነው፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ይጠብቃል፣ ስንዴው ገና ዛላው ላይ አረንጓዴ አለበት። ከሪማ ጥግ ይዛ፣ በግራ ዓይኗ ለማየት አንገቷን እንደ ዶሮ ሰበር አድርጋ ውጭ ውጭውን ታያለች። ደብረ ታቦር ልንገባ ስንል «ያ ከወንዙ ማዶ ያለው ምን ቀለም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቢጫ ነዋ» አልኳት። «ቢጫማ ቢጫ ነው፣ ምን ዓይነት ቢጫ?» አለችኝ። ይህች ሴት ከልጅነታችን ጀምሮ እኔን ቀለም ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ስጠይቃት የኖርኩት። «የቅቤ ቢጫ» አልኳት ያገኘሁትን። «የቅቤ ቢጫ» አለች እንደ መቅመስ ብላ፤ ባሕር ዳር እስክንገባም ደጋገመችው።

ኢምራን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠበቀን። እሱ ደግሞ ጥድፊያ ነው ሥራው፤ እናቱን ግራና ቀኝ ሳመ፣ ወረቀቱን እጄ ላይ አደረገ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ጆሯችሁ ቢደፈን ምራቅ ዋጡ፣ ኢማን ቦሌ ትጠብቃችኋለች ብሎ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ኢማን እህቱ ናት፣ አዲስ አበባ ትሠራለች። ሳንርቅ ግን ያቺ የምትፈትሽ ልጅ ከቋጠሮዬ ወስፌዬን ይዛ ወጣች። «እናቴ፣ ይህ ስለታም ነው፣ አይገባም» አለችኝ። መሶብ መስፊያ ነው ብላት፣ አውቃለሁ እናቴም ትሰፋለች፣ ግን አይቻልም አለችኝ። ኢምራንን ከሩቅ ጠርቼ ሰጠሁት። ወስፌ ይዛ አውሮፕላን የምትጠልፍ የጋይንት ሴት መጣች አልኩ፣ ከሪማም ሳቀች፣ ፈታሿም ሳቀች።

ወንበር የምትሰጠዋ ልጅ ጋ ስንደርስ እኔ ነኝ ቀድሜ የቀረብኩት። «መስኮት ጋ አድርጊን» አልኳት። ኮምፒዩተሯን አይታ «እናቴ፣ ከመተላለፊያው በኩል ይሁንላቸው ተብሎ ነው የተያዘው፣ ለመውጣት ለመግባት እንዲመቻችሁ» አለች። «ማን ነው ያለው? እኛ አላልንም» አልኳት። ከኋላችን ሰልፍ የያዘ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከሪማ ነጠላዬን ጎተተች፣ ተዪው አስኩ፣ ሰው አናስቁም አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ለልጅቷ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ነገ ዓይኗ ይቀደዳል፣ ዛሬ ታይበት አልኳት። ልጅቷ ከሪማን ቀና ብላ አየቻት። ጣቷን ኮምፒዩተሩ ላይ አሯሯጠችና ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ። «እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እርስዎ ከጎናቸው። በግራ በኩል ነው፣ ጥሩ ያያል» አለችኝ። ወላዲተ አምላክ ትባርክሽ አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ አሸንፌ አላውቅም።

ድሌ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ውስጥ ገብተን፣ ከሪማ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ ግራ ዓይኗን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ፣ እኔም ከጎኗ ቀበቶውን የማስርበት ጠፍቶኝ ስታገል፣ አንድ ሽማግሌ ከእኛ ዘንድ መጥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ራሳቸው በነጭ ሻሽ ተጠምጥሟል፣ የያዟትን ዱላ አስተናጋጇ ተቀብላ ከላይ አስቀመጠችላቸው። የሳቸው ወንበር ከእኛው ረድፍ ከመተላለፊያው በኩል ያለችው ናት። እንግዲህ የአገሬ ሰው ያውቃል፤ ሽማግሌ ቆሞ አይቀመጡም። ከሪማ ብድግ አለች፣ ራሷ ከጣራው ተጋጨ። «ኖር! ኖር አባቴ!» አለች። «በእግዜር፣ ኧረ በእግዜር» አሉ እሳቸው። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ግን ሽማግሌን ሰው በሚተላለፍበት ጠርዝ እንደ ዘበኛ ማስቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ወደ ውስጥ ነው የሚገባ። «ይግቡ ወደ ውስጥ አባቴ» አለች፣ እየወጣች። እኔ ክንዷን ቆነጠጥኩ። አልሰማችኝም። ለካ እኔም ቆሜያለሁ፣ ለካ እኔም ኖር እያልኩ ነው። እሳቸው እምቢ አሉ፣ እሷ በአላህ አለች፣ እሳቸው አይሆንም አሉ፣ እሷ አፈር ስሆን አለች፤ አስተናጋጇ እባካችሁ ተቀመጡ ስትል ሽማግሌው መርቀውን ዘው ብለው ገቡ። ያን ሁሉ ተከራክሬ ያመጣሁት መስኮት በአንድ «ኖር» ሄደ። ቢያንስ በትከሻቸው በላይ ታይ ብዬ ከሪማን መሐል አስገባኋት፣ እኔ ጠርዙን ያዝኩ።

አያ ዋሴ ይባላሉ፣ የእስቴ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ጌዲዮን አዲስ አበባ ቤት ሠርቶ መርቁልኝ ብሎ ነው ያስጠራቸው። እንደ ተቀመጡ መስኮቱን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ዙሪያውን ፈተሹት፣ ከዚያ «ልጄ፣ ይህ ነገር ክፍት ነው መሰል፣ ብርድ ያስመታኛል» አሉ። ዝግ ነው ብትላቸው ከሪማ፣ «ዝግማ ቢሆን ውጭው እንዴት ይታያል?» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው መስኮቱን ወተፉት። ወተፉት ነው የምላችሁ፤ እንደ አይጥ ቀዳዳ። ጉናን በሚኒባስ ሲያቋርጥ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ሰው ሁሉ የሚጮኸው ምች ይመታናል ብሎ አይደል? ያንን አውሮፕላን ላይ አመጡት። አውሮፕላኑ ተንደረደረ። የሪያድ ቃል እንዳይፈጸም ብዬ አልጮህኩም እንጂ ፈርቻለሁ፣ ምን አባቴ ልዋሽ። የወንበሩን ክንድ ጨምድጄ ሥላሴን ስጠራ፣ ማዶ በሌላው መስኮት ጣና ብልጭ ብሎ አለፈ። በእኛ በኩል ጉና ሊታይ ይችል ነበር፣ የእስቴ አገርም፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ አገር። እኛ የምናየው ጋቢ ነው።

ፊቴን ወደ ከሪማ አዞርኩ። ተቆጥታ፣ ወይም አልቅሳ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። እሷ እቴ፣ የሽማግሌውን እጅ ይዛ ታጽናናለች። አያ ዋሴ ለካ ፈርተዋል፤ እኔ ለራሴ ስፈራ አላየኋቸውም። «አይዞዎት አባቴ፣ ሰዓት እንኳ አይሞላም» ትላቸዋለች። «ያንቺ መንገድ ለምንድን ነው ልጄ?» አሉ። «ለዘመድ ጥየቃ» አለች። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፣ በክርኗ ጎሰመችኝ። ነገ የሚሆነውን ነግራ የሽማግሌውን ደስታ ልታበላሽ አልፈለገችም። ይህ ጸባይዋ ነው አንዳንዴ የሚያንገበግበኝ፤ ለሌላ ሰው ስትል የራሷን ነገር ከወንበር በታች ትከተዋለች። ሰማዩ ላይ ወጥተናል፣ ከታች አገር እየሄደ ነው፣ እሷ ተመልሳ በዚህ ዓይን ታየዋለች አታየውም እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እና ተቀምጣ የገብስ ወሬ ታወራለች።

«አዝመራው ዘንድሮ እንዴት ነው ከእናንተ ዘንድ?» አለቻቸው። «ተመስገን ነው። በረዶ ትንሽ ዳሰሰን እንጂ ገብሱ ደህና ነው» አሉ። «የጎጃምስ?» አለች። አያ ዋሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ጎጃም ወሬ ብቻ ነው። ጤፉ ጤፉ ይላሉ፣ የእስቴን ጤፍ ያየ አይናገርም።» «እንግዲህ አሁን ከበላዩ ነው ያለነው» አለች ከሪማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ምስጢር። «እውነታቸውን ይሁን አይሁን እርስዎ ቢያዩልን ምን ነበር።» ሽማግሌው አሰቡበት። ብርዱን አሰቡ፣ የጎጃምን ጤፍ አሰቡ። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው፣ እንደ ሌባ፣ በአንድ ዓይናቸው አጮለቁ። ቆዩ። ትንሽ ጨመሩበት። ከዚያ ጋቢው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ፤ እሳቸውም አላነሱትም።

አልነቀነቅ አሉ እላችኋለሁ። ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ ተክለው፣ ሻሻቸው መስኮቱን ሞልቶት፣ ለእኛ መንገር ጀመሩ። ይህ ጤፍ ነው፣ ይህ ዳጉሳ፣ ይህን ደግሞ ሰነፍ ነው ያረሰው፣ ይህ ሰውዬ ጎረቤቱን ድንበር ገፍቶታል፣ እዩት ከላይ እንኳ ያስታውቃል። መፍራታቸውም ቀረ። ከሪማ እሰይ፣ እሰይ ትላቸዋለች፤ አንገቷን ወዲህ ወዲያ እያደረገች፣ ከትከሻቸውና ከመስኮቱ መሐል በምትቀር እፍኝ በማትሞላ ቦታ ብርሃን ትለቅማለች። ምንም እንዳላየች አውቃለሁ። የእሷ ዓይን ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያይ። ከዚህ በላይ አልችልም ብዬ አፌን ልከፍት ስል፣ አያ ዋሴ አንዱን ነገር በጣታቸው ሊያሳዩዋት ዞር አሉ። ጣታቸው ወደ ታች ነው፣ እሷ የምታየው ሻሻቸውን ነው። አስተዋሏት። እጃቸውን ከቀኝ ዓይኗ ፊት አንድ ጊዜ አሳለፉ። ከሪማ አላየችውም። «ዓይንሽን ምን አገኘው ልጄ?» አሏት። አሁን መዋሸት አልሆነላትም። «ቀኙ ሄዷል። ለግራው ነው የምሄደው፣ ነገ ነው» አለች። «ስትነሺልኝ እዚህ ቦታ አንቺ ነበርሽበት» አሉ፣ መስኮቱን ይዘው። እኔ መለስኩ፣ «ዛሬ እንድታይበት ነበር» አልኩ።

አያ ዋሴ ቀበቶውን ሊፈቱ ታገሉ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ፈታሁላቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ቆሙ። ሰማኒያ ዓመት የሞላቸው የእስቴ ሽማግሌ፣ ለአንዲት የንፋስ መውጫ እስላም ባለ ሱቅ ቆሙላት። ከሪማ ኧረ አይሆንም፣ ኧረ ነውር ነው ማለት ጀመረች፤ ያ እምቢታ ደግሞ ሊያልቅ ነው? ከታች አገሩ እየሄደ ነው! ትከሻዋን ይዤ ገፋኋት። «ግቢ!» አልኳት። ኋላ ያሉት ሰዎች ሳቁ፣ አስተናጋጇ መጣች፣ ሦስታችንም ተያይዘን ስንተረማመስ፣ የኔም ጫማ ወለቀ። ብቻ አውሮፕላኑ ትንሽ ሲያዘነብል ከሪማ መስኮቱ ጋ ወደቀች፣ እሳቸው መሐል፣ እኔ ጠርዝ።

መጀመሪያ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጠፈች። ፈራሁ፤ ዘግይተን ይሆን፣ ዓይኗ እምቢ ብሏት ይሆን ብዬ። ቆይቶ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ለቅሶ መሰለኝ። ሳቅ ነበር። «አስኩ» አለች ሳትዞር፣ «ተሳስተናል።» «ምን?» አልኳት። «እርሻችን። ዕድሜ ልካችንን ተሳስተናል። ቀጥ አድርገን ነው የምንሰፋው፣ አንዱን ከአንዱ በመስመር። ምንም ቀጥ ያለ የለም እኮ! ድንበሩ ሁሉ ጠማማ ነው፣ ውሃው በሄደበት ነው የሚሄደው።» እንዲህ ስትል የተሳሳተ ሰው ድምፅ አይደለም ያላት፣ ስለት የደረሰለት ሰው እንጂ። አረንጓዴው ከቢጫው ሲገናኝ በመሐል ሌላ ሦስተኛ ቀለም እንዳለ ነገረችኝ። የደመና ጥላ እርሻው ላይ ሲሄድ ገብሱ ለአንድ አፍታ ቡናማ ሆኖ ተመልሶ ቢጫ እንደሚሆን ነገረችኝ። ቆርቆሮ ጣራ እንደሚያብረቀርቅ፣ መንገድ እንደ ክር እንደሚቀጥን ነገረችን። «ይህ ክብ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ እዚህም እዚያም ያለው ምንድን ነው?» አለች። አያ ዋሴ በትከሻዋ በላይ አዩና «ደብር ነው ልጄ። የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፣ ያ ሁሉ» አሉ። አማተብኩ። «አንቺ ዘላለም ስትሳለሚ ኖረሽ ከላዩ አላየሽውም፣ እኔ ቀደምኩሽ» አለችኝ ከሪማ። ጎንበስ ብዬ በሁለቱ መሐል ሳይ አየሁት፤ አንድ ደብር፣ በቢጫ አዝመራ መሐል፣ እጄ መዳፍ ላይ ልይዘው የምችል። ፍርሃቴ የት እንደ ሄደ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሳያሳየኝ ያልገደለኝ አምላክ ይመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ አልገደደኝም።

አባይ በረሃ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም አንገታችንን ወደ መስኮቱ አሰገግን። መሬቱ ተሰንጥቆ፣ እርከን በእርከን ወርዶ፣ ከታች ውሃው ቀይ ሆኖ ይታያል። ከሪማ መዳፏን መስተዋቱ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿ እየተንቀሳቀሱ ነበር። እሷ አላወቀችውም። አለላ ስትመርጥ እንደምታደርገው፣ ከእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ ትንሽ እየለየች፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላ ቦታ ታስገባ ነበር። ሳያት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ቦሌ ስንወርድ የአያ ዋሴ ልጅ ጌዲዮን ሱፍ ለብሶ ቀድሞ ጠበቃቸው። ሊወስዳቸው ሲጎትታቸው፣ ቆይ አሉት፤ ዱላቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ከሪማ አዞሩ። «የሰጠሽን ብርሃን አይንሳሽ። ቢነሳሽም ልብሽን አያጨልመው» ብለው መረቋት። ከሪማ አሚን አለች፣ እኔ አሜን አልኩ። ጌዲዮን ማናቸው እያለ ወሰዳቸው፤ «የጎጃም ጤፍ ያሳዩኝ ሰዎች ናቸው» ሲሉት ሰማኋቸው።

ኢማን ስልክ ደውላ የመኪና መጨናነቅ ይዞኛል አለች። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በሚያልፍበት አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ዘጠኝ ሰዓት ስለነበር እኔም ጾሜን በቆሎ ፈታሁ። ቆሎውን እየዘገንን እንከራከር ጀመር፤ ስፌት ዙሪያውን ነው የሚሄደው፣ ጠማማ ድንበር እንዴት ይሰፋል አልኳት። ቀለሙን እኩል ቦታ ላይ አትቀይሪ፣ አንዱን ዙር አሳልፊው፣ ሌላውን አሳጥሪው አለችኝ። እንዲህማ ቢሆን ሰው እጅሽ ተበላሸ ይለናል አልኳት። ይበሉ አለች። በጣቷ ቀሚሷ ላይ መስመር እየሠራች አሳየችኝ፣ እዚህ ገብስ፣ እዚህ ይታጠፋል፣ እዚህ ደብርሽን አስገባልሻለሁ። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ነገ ባይሆንልኝ» አለች። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ራሷ ስታነሳው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ነገ ባይሆንልኝ እኔ እሰፋለሁ፣ አንቺ አለላውን ታቀብዪኛለሽ። ድንበሩ የት እንደሚታጠፍ አይቼዋለሁ፣ አይጠፋኝም። ቀለሙን ብቻ ታቀብዪኛለሽ።»

ፊቷ ላይ ባለቅስ ኖሮ ከዚያች ወንበር አንነሳም ነበር። ስለዚህ እንደ ወትሮዬ ቁጣዬን ፈልጌ አወጣሁ። «እኔ ያንቺ አለላ አቀባይ ልሆን? ቀይ ስትዪኝ አረንጓዴ ባቀብልሽስ?» አልኳት።

ከሪማ የቆሎውን ፌስታል ወደ እኔ ገፋችው። «ታዲያ የሚታማው ማን ሆነና? እኔን እንደሆን ዕውር ናት ብለው ይተዉኛል። አንቺን ነው፣ ዓይን እያላት ይህን ቀለም አቀበለች የሚሉሽ» አለችኝ።